የካርታው ወለል የማን ሥራ ነው?

አዲስ ገቢ ተማሪዎች በተመዘገቡበት ቀን በግቢያችን ዋና በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የነበረውን ኮምፒዩተር ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ማኅበራችን «መንገድ አመልካች» ብሎ ያሠራው ፕሮግራም ነበር። ዐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ከክፍለ ሀገር ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ፥ ሻንጣውን ተሸክሞ የመጣ ልጅ ዶርሙ በየት በኩል እንደ ሆነ፥ ሬጅስትራሩና ካፌውም የት እንዳሉ በካርታ ላይ አይቶ እንዲሄድ ነው። ካርታው ግን አልመጣም። በመስኮቱ ውስጥ የታየው በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ ግራጫ ነገር ሲሆን፥ በግራጫው ላይ የሕንፃዎቹን ቦታ የሚያመለክቱ ቀያይ ምልክቶች ብቻ ተበትነው ነበር። አንድ ልጅ ቀረብ ብሎ ጥቂት ካየው በኋላ ወደ ዘበኛው ዞሮ «ጋሼ፥ ካፌው በየት በኩል ነው?» ሲል ሰማነው። እርሳቸውም በእጃቸው አመለከቱት።

ከዚያን ቀን ወዲህ በካፌ ሰልፍ ላይ የሚወራው ቀልድ ሁሉ በኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ላይ ሆነ። «ግራጫ ሰፈር ስንት ቁጥር ታክሲ ይወስዳል?» የሚለው ከሁሉ ይልቅ ተወዷል። እኛም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች መቼም በቀልድ አንታማም፤ ከቀልዱ ግማሹ ከእኛው ዶርም የወጣ መሆኑን መካድ አይቻለንም። ነገር ግን ፕሮግራሙን ከሠሩት ልጆች ጋራ ሁለት ማታ ቁጭ ብለን ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ካስረዱን በኋላ፥ የሚሳቅብን እኛ ራሳችን መሆናችንን ተረዳን። ይህን ጽሑፍ ያጻፈንም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ያ ግራጫ ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር መስኮት ውስጥ አንድ የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ ተዘጋጅቶ የሚገጠም ዕቃ ዊጀት ይባላል። የምንጫነው ቁልፍ ዊጀት ነው፤ ስማችንን የምንጽፍበትም ሣጥን እንደዚሁ ዊጀት ነው። የካርታ ወለል የሚያነጥፍም ዊጀት አለ። ብዙዎቻችን ይህ ዕቃ ካርታውን ራሱ የሚሥል ይመስለናል፤ እርሱ ግን ሣይ ሳይሆን አንጣፊ ነው። ካርታው አስቀድሞ በሌላ አገር፥ በሌላ ሰው ማሽን ተሥሎ፥ እኩል በእኩል ተቆራርጦ፥ ለያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቁራጩ ታይል ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከግድግዳና ከወለል ታይል ነው። ወርዱም ቁመቱም ዘወትር 256 ፒክስል ነው።

አቆራረጡ ደግሞ ይህን ይመስላል። በዜሮኛው ዙም መላው ዓለም በአንድ ታይል ውስጥ ይገባል። አንድ ደረጃ ጠጋ ያሉ እንደ ሆነ ያ አንዱ በአራት ይከፈላል፤ እንደ ገና ጠጋ ሲሉ እያንዳንዱ በአራት ይከፈላል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በ10ኛው ደረጃ ታይሎቹ 1,048,576 ይሆናሉ፤ የሰው ቤት ጣራ ለይቶ በሚያሳየው በ18ኛው ደረጃ 68,719,476,736 ይደርሳሉ። (ይህን ቁጥር በላይብረሪ ወረቀት ላይ በእጃችን አባዝተን ደርሰንበታል፤ ሒሳብ የሸሸነው በከንቱ አልነበረም።) ከዚህ ሁሉ የሚበዛው ባሕርና በረሓ ስለ ሆነ ሰው እስኪጠይቀው ድረስ የሚሥለው የለም።

ለምሳሌ ያህል የራሳችንን ከተማ እንውሰድ። በ12ኛው ዙም መርካቶና ፒያሳ የሚገኙበት ታይል፥ ከዜሮ ጀምሮ ሲቆጠር፥ ከግራ ወደ ቀኝ 2488ኛው፥ ከላይ ወደ ታች 1944ኛው ነው። በምድር ላይ ሲለካ ወርዱ ከ9 ኪሎ ሜትር ተኩል ጥቂት ይበልጣል። አራት ኪሎ ግን በጎኑ ባለው በ2489ኛው ላይ ነው። ስለዚህ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚወጣ ሰው ሳያውቀው በመንገዱ ላይ የሁለት ታይሎች ስፌት ይሻገራል ማለት ነው። ስፌቱን እንዳናየው ማድረግ የዊጀቱ ሙያ ነው። ሰው ካርታውን በጣቱ ሲጎትት ዊጀቱ የትኞቹ ቁጥሮች እንደሚያስፈልጉ ያሰላል፤ ሰርቨር ለሚባለው ሩቅ ማሽን «እነዚህን ስጠኝ» ይላል፤ ሲመጡለት ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥሞ ያነጥፋል። ወርዱ 1024፥ ቁመቱ 768 ፒክስል የሆነ መስኮት ለመሸፈን ቢያንስ 12፥ መስመሩ ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ እስከ 20 ታይሎች ያስፈልጉታል። እስኪመጡ ድረስ በቦታቸው ግራጫ ይታያል። በር ላይ ያየነው እንግዲህ ይህ ነው፤ አንጣፊው በቦታው ተገኝቷል፤ የሚነጠፈው ግን አልመጣለትም።

ይህ ዘዴ በሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀው ጎግል የካርታ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2005 ካወጣ ወዲህ ነው። መሠረቱን የጣሉት ላርስና የንስ ራስሙሰን የተባሉ ሁለት የዴንማርክ ወንድማማቾች በአውስትራልያ፥ በሲድኒ ከተማ፥ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው ነው። ከዚያ በፊት በኢንተርኔት ካርታ የሚያይ ሰው በጠርዙ ያለችውን ቀስት ተጭኖ ገጹ ሁሉ እንደ ገና እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። አሳሳሉ ግን አዲስ አይደለም፤ ጌራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኞች ያወጣው ነው፤ ዓለሙን በእኩል ማዕዘን ለመቆራረጥ ስለሚመች እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጉዳቱ የታወቀ ነው። ግሪንላንድ አፍሪካን የሚያህል መስሎ ይታያል፤ በእውነቱ ግን አፍሪካ ግሪንላንድን 14 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህን ነገር በአንደኛ ዓመት የጂኦግራፊ ትምህርት ሰምተን ብዙ ስለ ተቆጣንበት እዚህ ላይ አንመለስበትም። የዛሬው ቁጣችን ከዚህ የቀረበና ወደ ራሳችን የሚያመለክት ነው።

ታይሎቹ ለምን አልመጡም? ልጆቹ የተጠቀሙት ከኦፕን ስትሪት ማፕ ሰርቨር ነበር። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር ስቲቭ ኮስት በሚባል ሰው የተጀመረ ሲሆን፥ ካርታውን የሚሠሩት ፈቃደኞች ናቸው። አንዱ የሰፈሩን መንገድ፥ ሌላው የወንዙን ድልድይ፥ ሌላው የትምህርት ቤቱን ስም ያስገባል። ታይሎቹን የሚያድሉት ማሽኖች የሚቆሙትም በሰዎች ስጦታና መዋጮ ነው። ማንም ሰው ገንዘብ ሳይከፍል እንዲጠቀም ተፈቅዶለታል፤ በምላሹ የሚጠየቀው እጅግ ጥቂት ነገር ነው። ጥያቄ የሚያቀርበው ፕሮግራም ማንነቱን በስሙ ይናገር፤ አንድ ጊዜ የተሰጠውን ታይል አስቀምጦ ይጠቀምበት እንጂ በየደቂቃው አይመላለስ፤ አንድ አገር ሙሉ ታይል አስቀድሞ በጅምላ አይውሰድ፤ ካርታውን የሠሩት ሰዎች ስም በመስኮቱ ጠርዝ ይጻፍ። ይኸው ነው።

የእኛ ፕሮግራም ምን አደረገ? ስሙን አልተናገረም። የተሰጠውን አላስቀመጠም፤ ተከፍቶ በተዘጋ ቁጥር ያንኑ ታይል እንደ ገና ይጠይቅ ነበር። ለሙከራ ሲባል ሳምንት ሙሉ በአሥር ኮምፒዩተር ላይ ከጧት እስከ ማታ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰነበተ። በጠርዙ ላይ የነበረችውንም አንዲት መስመር፥ የሠሪዎቹን ስም የያዘችውን ማለታችን ነው፥ «መልኩን ታበላሻለች» ተብሎ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በተሰጠ ትእዛዝ አጠፏት። በምትኩ የማኅበራችን ማኅተም ገባበት። የሰውን እንጀራ በልቶ «እኔ ጋገርሁት» ማለት ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። በመጨረሻ ባለ ሰርቨሮቹ በሩን ዘጉብን። የመዝገቡ ቀን ደረሰ፤ የሆነውንም ሁላችን አየን።

ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ እነርሱም አልካዱም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ከማኅበሩ መሪዎችም ሆነ ከእኛ ከመጽሔቱ አዘጋጆች «ይህ ካርታ ከየት ይመጣል?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። የቀለሙን ነገር ተከራክረናል። ምልክቱ ቀይ ይሁን አረንጓዴ በሚለው ጉዳይ ስብሰባ ተደርጓል፤ ድምፅ ሁሉ ተሰጥቷል። የወለሉን ነገር ግን ማንም አላነሣውም፤ እንደ አየር ያለ፥ ባለቤት የሌለው ነገር መስሎን ነበርና። የዕውቀት ሰዎች ነን እያልን በየሰሚናሩ «ምንጭህን ጥቀስ» የምንባባል እኛ፥ የአንድ ምንጭ ስም ሲፋቅ ዐይናችን እያየ ዝም አልን።

ፕሮግራሙ በሁለተኛው ሳምንት ተጠገነ። አሁን ስሙን ይናገራል፤ ያገኘውን ያስቀምጣል፤ የሠሪዎቹም ስም ተመልሷል። ካርታው ሲመጣ ግን ሁለተኛ ነገር ታየ፤ ለእኛ ለአርትስ ተማሪዎች ከፊተኛው ይልቅ የሚያሳፍረን ይህ ነው።

በወለሉ ላይ የግቢያችን ሕንፃዎች ቅርጻቸው አለ፤ የሚበዙት ግን ስም የላቸውም። ከኋላ በር ውጭ ያለው ሰፈር፥ ማታ ማታ ሻይ የምንጠጣበትና ፎቶ ኮፒ የምናስነሣበት፥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ስም ብቻ ይታወቃል። ከዚያ አልፎ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ምንም ስም አልተጻፈበትም። አንድ የውጭ አገር ሰው፥ ምናልባት በሰሜን አውሮፓ ተቀምጦ፥ የሳተላይት ፎቶግራፍ እያየ ጣራ በጣራ ገልብጦልናል፤ ምስጋና ይገባዋል። ሳተላይት ግን ጣራ ያያል እንጂ ስም አይሰማም። ስሙን ማስገባት የሚችለው ቦታው ላይ የቆመ፥ ሰውንም በቋንቋው የሚጠይቅ ብቻ ነው። ያም ሰው እኛ ነበርን።

ነገሩ የመንደር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 በሐይቲ የምድር መንቀጥቀጥ በሆነ ጊዜ የፖርቶ ፕሪንስ ከተማ ካርታ በዚሁ ወለል ላይ ባዶ ሊባል የሚችል ነበር። ከልዩ ልዩ አገር የተነሡ ፈቃደኞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ጎዳናዎቹን ከፎቶግራፍ ገለበጡ፤ ለእርዳታ የገቡትም ሰዎች በዚያ ካርታ ተመርተው ሠሩ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ባዶው የተሞላው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

በእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ የሚያጣድፍ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች በከተማው የልማት ሥራ ፈርሰዋል። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት የሚከራከር በሌላ እትም ይከራከር፤ እኛ የምንለው ስለ ስሞቹ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም የቀረ ነው፤ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ ርቀትን ይናገራሉ፤ ዶሮ ማነቂያ ምን ይሠራበት እንደ ነበር ስሙ ይነግረናል። ትልልቆቹ ስሞች አይጠፉም። በነዚህ ውስጥ የነበሩት ትናንሾቹ ግን፥ የአንድ ቅያስ፥ የአንድ ድልድይ፥ የአንድ ውሃ ቦኖ ስም የነበሩት፥ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄድ አብረውት ይሄዳሉ። አዲሱ ታይል ሲሣል ከአሮጌው ላይ ይተካል፤ ሥር የነበረው ለተመልካች አይታይም።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን የሰነዘረውን ተቃውሞ ማንሣት ይገባናል፤ ምክንያቱም ሰነፍ ተቃውሞ አይደለም። «ስም መጻፍ ፖለቲካ ነው» አለን። «ናዝሬት ትላላችሁ ወይስ አዳማ? ደብረ ዘይት ወይስ ቢሾፍቱ? ዶርም ውስጥ ሰላም ያለው ይህን ስለማናነሣ ነው፤ ካርታው ባዶ ቢሆን ይሻላል።» ስንሰማው ዝም ያሰኘን ነበር። በኋላ ግን ጥያቄው እንደ ማናቸውም የካርታ ሥራ በዘዴ የሚታይ መሆኑን ተረዳን። ዘዴውም ከታይሉ አሠራር ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ጥቂት እናብራራው።

እስካሁን የተናገርንለት ታይል ሥዕል ነው። ስሙ በሥዕሉ ላይ በቀለም ተጽፎ ይመጣል። ዊጀቱ ያንን ፊደል መለወጥ አይችልም፤ እንደ መጣለት ያነጥፈዋል። ስለዚህ በአንድ ታይል ላይ የትኛው ስም፥ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ የሚወስነው ሥዕሉን ያወጣው ባለ ሰርቨር ነው፤ አንባቢው ትግርኛ ተናጋሪ ይሁን ኦሮምኛ ተናጋሪ ለሥዕሉ ግድ የለውም። ከሥዕሉ በስተ ኋላ ባለው መዝገብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኦፕን ስትሪት ማፕ መዝገብ ለአንድ ቦታ ዋና የስም ቦታ አለ፤ ከእርሱ ሌላ ለአማርኛ፥ ለኦሮምኛ፥ ለትግርኛ፥ ለሶማልኛ፥ ለእንግሊዝኛ፥ ለሌላውም ቋንቋ ለየብቻው የስም ቦታ አለ፤ ለቀድሞ ስምም እንዲሁ አለ። ማንም የማንን ስም ሳይፍቅ ሁሉም ሊጻፍ ይችላል። ቬክተር የሚባለው አዲሱ ዓይነት ታይል ደግሞ ሥዕል ሳይሆን መዝገቡን ራሱን ይዞ ይመጣል፤ ሥዕሉን የሚያወጣው በተጠቃሚው ማሽን ላይ ያለው ዊጀት ነው። ስለዚህ ያው ታይል ለአንዱ በአማርኛ፥ ለሌላው በኦሮምኛ ሊነበብ ይችላል። ይህ ማለት ክርክሩ ይቀራል ማለት አይደለም። በዋናው ቦታ የሚጻፈው የትኛው ነው የሚለው ይቀራል፤ የድርጅቱ ልማድ ነዋሪው በቦታው የሚጠራበት ይጻፍ የሚል ሲሆን፥ ነዋሪው ሁለት ስም ሲኖረውስ? ይህን እኛም አልፈታነውም። ነገር ግን ባዶ መተው ገለልተኛነት አይደለም። ባዶውን ቦታ አንድ ቀን ሌላ ሰው፥ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ የሚፈልግ ባንክ ወይም ሆቴል፥ ይሞላዋል፤ ከኋላ በር ያየነውም ይህንኑ ነው።

ሌላው ተቃውሞ አጭር ነው፤ «ጎግል አለ፥ ምን አደከማችሁ?» የሚል ነው። ጎግል አለ፤ እኛም በስልካችን እንጠቀምበታለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው የዋጋ ለውጥ ካርታውን በራሱ ፕሮግራም ውስጥ የሚያስገባ ሰው የክፍያ ሒሳብ እንዲያስመዘግብ ተደርጓል። በካፌ ምግብ የሚኖር ተማሪ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ከየት ያመጣል? ደግሞም በዚያ ካርታ ላይ ያስገባነው ስም የኩባንያው ንብረት ክፍል ይሆናል፤ መዝገቡን አውርደን በዚህ በሚባዛው መጽሔታችን ላይ እንደ ልባችን አናትመውም። በፈቃደኞቹ መዝገብ ያስገባነውን ግን ምንጩን እስከ ጠቀስን ድረስ ማተምም፥ መለወጥም፥ ያለ ኢንተርኔት መጠቀምም እንችላለን።

ያለ ኢንተርኔት ስላልን፥ ለማኅበራችን አንድ የሒሳብ ነገር እናቅርብ። መስመሩ በየጊዜው እንደሚቋረጥ እየታወቀ ለምን ታይሉን ከሩቅ አገር እንለምናለን? አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ግቢ ቢኖረን፥ ከ15ኛው እስከ 19ኛው ዙም ድረስ ለመሸፈን የሚያስፈልጉት ታይሎች ከ350 አይበልጡም። ከፈቃደኞቹ ሰርቨር በጅምላ መውሰድ የተከለከለ መሆኑን ከላይ ተናግረናል፤ መዝገቡን ማውረድና ታይሉን በራስ ማሽን መሣል ግን የተፈቀደ ነው። ኪዩጂስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል፤ የጂኦግራፊ ዲፓርትመንት ተማሪዎችም ያውቁታል። በዚህ ዓይነት የተዘጋጀ ወለል በአንድ ፍላሽ ላይ ይገባል፤ የመዝገቡ ቀን መብራት እንጂ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በዊጀቱም በኩል ዕጦት የለም። ከታወቁት አንዱ የሆነውን ሊፍሌትን ዩክሬናዊው ቮሎዲሚር አጋፎንኪን እ.ኤ.አ. በ2011 አውጥቶ ለማንም በነፃ ሰጥቷል። የጎደለው የሚነጠፈው ላይ የሚጻፈው ስም ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሦስት ሆነን ደብተርና እርሳስ ይዘን በኋላ በር ወጣን። ምን ያህል ቀላል ይሆናል ብለን ነበር! ከበሩ ፊት ለፊት በቆሎ የሚጠብሱትን እናት «እማማ፥ ይህ ቦታ ማን ይባላል?» አልናቸው። «ምነው ልጆቼ፥ ልታፈርሱት ነው እንዴ?» አሉን። ደብተር ይዞ የሰፈር ስም የሚጠይቅ ሰው ለእርሳቸው ያ ብቻ ነው። ለምን እንደምንጠይቅ እስክናስረዳቸው ሁለት በቆሎ በላን። በኋላ «ወፍጮ ቤት ነው የምንለው፤ ወፍጮው ከተነሣ ግን ብዙ ዘመኑ ነው» አሉን። የታክሲ ረዳቱ ያንኑ ቦታ «ኮንዶሚኒየም» ብሎ ይጠራዋል፤ ተሳፋሪም የሚወርደው በዚያ ስም ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ «ኋላ በር» እንላለን፤ ይህ ስም ለእርሳቸው ምንም ትርጉም የለውም፤ በሩ ለእርሳቸው ፊት ለፊት ነውና። ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቁልቁለት ደግሞ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ ስም ነገሩን፤ እማማ ያንን ስም ያውቁታል፥ ግን አይጠሩበትም። በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት ስም ለሁለት ቦታ አገኘን። ባንኩን የጠራልን ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ሁሉንም ጻፍናቸው፤ ማን እንደሚጠራበትም አብረን ጻፍን። የሰዎቹን ስም አልጻፍንም፤ አልጠየቅንምም።

ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የምናቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። ለሚመጣው የመዝገብ ቀን ለጨርቅ ማስታወቂያ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለወረቀት ይዋል። በግማሽ ገጽ ላይ የቦታው ስም፥ ስሙ በየትኛው ቋንቋ እንደ ሆነ፥ ማን እንደሚጠራበት፥ የቀድሞ ስም ካለው፥ በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ነገር የሚሞላበት ቅጽ ይባዛ። በዓመቱ መካከል ለዕረፍት ወደየአገሩ የሚሄድ ተማሪ አምስት አምስት ቅጽ ይዞ ይሂድ። ከጅማም፥ ከደሴም፥ ከጅግጅጋም፥ ከአርባ ምንጭም የመጣን ነን፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ያለውን ያህል የአገሩን ስም የሚያውቅ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገኝበት ሌላ ስፍራ ብዙ የለም። የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች አጻጻፉን ያያሉ፤ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ቦታውን ይወስናሉ፤ የኮምፒዩተር ሳይንስ ልጆች ወደ መዝገቡ ማስገባቱን ለማስተማር ማክሰኞ ማታ ከእራት በኋላ ክፍል እንደሚያስከፍቱ ቃል ገብተዋል። እኛም በእነርሱ ላይ መቀለድ ለማቆም ቃል ሰጥተናል፤ ለአንድ ሴሚስተር።

ማኅበሩ ወረቀት እስኪሰጥ ድረስ ሠላሳ ቅጽ በራሳችን አባዝተን በመጽሔቱ ክፍል መስኮት ላይ አስቀምጠናል። ስም መጻፉን የሚቃወም ጓደኛችንም አንድ ገጽ እንዲጽፍልን ጠይቀነዋል፤ ከጻፈ በሚመጣው እትም ሳንቆርጠው እናወጣለን። የወፍጮ ቤትና የቁልቁለቱ ስሞች ባለፈው ዓርብ ማታ በመዝገቡ ገብተዋል። ታይሉ እንደ ገና እስኪሣል ጥቂት ይቆያል ስለ ተባለ በር ላይ ባለው ኮምፒዩተር አሮጌው ካርታ ይታይ ነበር፤ ትናንት ጧት ስናየው ግን ሁለቱም ወጥተዋል። ወፍጮ ቤት የሚለው ቃል በሁለት ታይሎች ስፌት ላይ ውሎ ግማሹ በአንዱ፥ ግማሹ በሌላው ላይ ነው፤ ዊጀቱ ግን በደንብ አጋጥሞታል።